ፍሪ ላንች ልመና አይደለም፦ አሜሪካ ለገባችሁ አዲስ ወላጆች

ልጅ ልታስመዘግቡ ስትሄዱ የክትባት ወረቀትና የአድራሻ ማረጋገጫ ትሰጣላችሁ፣ በምትኩ አንድ ክምር ወረቀት ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ የእኔን ክምር የኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁለት ወር አልነካሁትም። ከመሃሉ አንዱ የምሳ ፎርም (ልጁ ትምህርት ቤት በነጻ ወይም በቅናሽ እንዲበላ፣ ማለትም «ፍሪ ላንች»፣ የሚጠየቅበት) ነበር። ባለቤቴ «ለልጃችን ምሳ እጅ አንዘረጋም» አለ፣ እኔም ይሉኝታ ያዘኝ። ኖቬምበር ላይ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ፦ 186 ዶላር ዕዳ። ለካ ልጃችን በየቀኑ ቁርስና ምሳ በልቶ ካሸሯ ጋ የተማሪ ቁጥሩን በጫነ ቁጥር ሒሳቡ በስማችን ይመዘገብ ኖሯል። ፎርሙን በዚያው ማታ ሞላነው፣ በሁለተኛው ሳምንት «ነጻ» የሚል መልስ መጣ። የቀደመው ዕዳ ግን አልተሰረዘልንም፣ ከፈልነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የይሉኝታውን ነገር እንጨርስ። ይህ የምሳ ሥርዓት ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1946 በፈረሙት ሕግ የቆመ ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥት በግብርና መሥሪያ ቤቱ በኩል ይመጣና በስቴቱ አማካይነት ለዲስትሪክቱ (የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች ለሚያስተዳድረው አካል) ይደርሳል። የሚከፈለውም በጥቅል ሳይሆን በቀረበው ሳሕን ልክ ነው። በ2024-25 የትምህርት ዓመት በአብዛኛው አሜሪካ መንግሥት ለአንድ ምሳ የሚከፍለው የተለመደ መጠን በነጻ ለሚበላ ልጅ 4.43 ዶላር፣ በቅናሽ ለሚበላ 4.03፣ ሙሉ ዋጋ ለሚከፍል ደግሞ 42 ሳንቲም ብቻ ነበር። ልብ በሉ፣ የሀብታም ቤት ልጅ እንኳ 42 ሳንቲም ይደጎማል። የኩሽናው ሠራተኛ ደመወዝ፣ ወተቱ፣ መኪናው ሁሉ ከዚህ ስለሚሸፈን ፎርማችሁን ብትሞሉ የሚጠቀመው ትምህርት ቤቱም ጭምር ነው። ለዚህ ነው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ደጋግማ የምትጠይቃችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ የት ትኖራላችሁ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሜይን፣ ኮሎራዶ፣ ሚኒሶታ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ቨርሞንት፣ ሚሺጋንና ማሳቹሴትስ ገቢ ሳይጠይቁ ለሁሉም ተማሪ ምሳ በነጻ መስጠት ጀምረዋል፣ ኒው ዮርክም ከ2025-26 ጀምሮ ተቀላቅላለች። የምትኖሩት ሚኒያፖሊስ ወይም ዴንቨር ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ ወይም ጆርጂያ ከሆናችሁ ግን እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በሚበዙበት ሰፈር ትምህርት ቤቱ በሙሉ ነጻ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የምሳ ፎርም አያስፈልግም። ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ በየሳሕኑ ያስከፍላል። የጎረቤታችሁ ልጅ በነጻ ስለበላ የእናንተም ይበላል ማለት አይደለም። ቢሮ ገብታችሁ «ይህ ትምህርት ቤት ለሁሉም ነጻ ነው ወይስ ፎርም ልሙላ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ያ ብቻ ይበቃል።

ፎርሙ ላይ የብዙዎቻችን ስህተት ተመሳሳይ ነው። ለቤተሰቡ አንድ ፎርም ነው የሚሞላው፣ በየልጁ አይደለም። ገቢ ሲል ከታክስ በፊት ያለውን ነው፣ እጃችሁ የገባውን አይደለም። በ2025-26 ለአራት ሰው ቤተሰብ የዓመት ገቢው እስከ 41,795 ዶላር ከሆነ ነጻ፣ እስከ 59,478 ከሆነ ቅናሽ ነው። ቅናሽ ማለት ምሳ ቢበዛ 40 ሳንቲም፣ ቁርስ ቢበዛ 30 ሳንቲም ማለት ነው። መጠኑ በየዓመቱ ጁላይ ላይ ይታደሳል፣ ስለዚህ የዘንድሮውን ከፎርሙ ጀርባ አንብቡ።

ኡበር ወይም ታክሲ የምትነዱ ይህን አትለፉ፦ የራሱ ሥራ ያለው ሰው የሚጽፈው ቤንዚንና ሌላ የሥራ ወጪ ከተነሳ በኋላ የቀረውን ትርፍ ነው። መተግበሪያው ላይ የሚታየውን ጠቅላላ ቁጥር ጽፎ «አልበቃሁም» ብሎ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። በሌላ በኩል ለእናታችሁ በየወሩ የምትልኩት ገንዘብ ከገቢ አይቀነስላችሁም። አገር ቤት ያሉት ዘመዶቻችሁም እዚህ አብረዋችሁ ስለማይኖሩ ከቤተሰቡ ቁጥር አይገቡም። ያናድዳል፣ ግን ሕጉ ይኸው ነው።

እኅታችሁ ቤት ምድር ቤት ውስጥ የምትኖሩትስ? ቤተሰብ የሚባለው በአንድ ኪስ የሚኖር ነው። የራሳችሁ ገቢ ካላችሁ፣ የኪራይና የአስቤዛ ድርሻችሁን ለይታችሁ የምትከፍሉ ከሆነ በራሳችሁ ቤተሰብ ናችሁ፣ የእኅታችሁን ባል ደመወዝ አትጽፉም። ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ከሆነ ግን የሁሉም ይቆጠራል።

ፎርሙ የኢሚግሬሽን ሁኔታችሁን አይጠይቅም። የሚፈርመው ሰው የሶሻል ሴኩሪቲውን የመጨረሻ አራት አሃዝ ይጽፋል፣ ከሌለው «የለኝም» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ያደርጋል፣ በዚህ ምክንያት አይከለከልም። ፉድ ስታምፕ (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የምግብ ድጎማ) የሚቀበል ቤተሰብ ልጆች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለ ፎርም በቀጥታ ይመዘገባሉ፣ ደብዳቤው ካልመጣላችሁ የፉድ ስታምፕ መዝገብ (ኬዝ) ቁጥራችሁን ፎርሙ ላይ ጻፉ፣ ገቢ መዘርዘር አያስፈልግም።

መልስ በ10 የትምህርት ቀናት ውስጥ መምጣት አለበት። እስከዚያ ድረስ ወይ ምሳ ቋጥራችሁ ስጡት፣ ወይ ሒሳቡ ላይ ትንሽ ገንዘብ አስገቡ። ነባር ልጆች ዓመቱ ሲጀምር ያለፈው ዓመት ፈቃድ እስከ 30 የትምህርት ቀን ይሠራላቸዋል፣ አዲስ የመጣ ልጅ ግን ያ የለውም፣ የኔ 186 ዶላር የመጣውም ከዚህ ነው። አንዴ ከጸደቀ ዓመቱን በሙሉ ይቆያል፣ በመሃል ኦቨርታይም ብትሠሩም አይነሳም። በመከር ወራት ለጥቂት ቤተሰቦች «ገቢያችሁን በማስረጃ አሳዩ» የሚል ደብዳቤ ይላካል። ይህ ክስ አይደለም፣ ቼክ ስታብ (የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት) ልኮ መገላገል ነው። ዝም ካላችሁ ግን ይቋረጣል።

የልጁን የምሳ ሒሳብ በኢንተርኔት ስትሞሉ ክፍያውን የሚያስተናግደው ኩባንያ በእያንዳንዱ ጊዜ የአገልግሎት ክፍያ ሊቆርጥ ይችላል። በጥሬ ገንዘብ ወይም በቼክ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የመክፈል መብት አላችሁ።

አሁን ልጁ ወረፋ ላይ ቆሟል። በብዙ ዲስትሪክት ምግቡ ማዕከላዊ ኩሽና ውስጥ ተሠርቶ ጠዋት በመኪና ይመጣል፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ይሞቃል። የምሳ ሰዓት አንዳንድ ቦታ 10፡30 ጠዋት ይጀምራል (በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት ተኩል፣ ቡና እንኳ ያልተፈላበት ጊዜ)፣ ለመብላት የሚሰጠውም ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ልጃችን የመጀመሪያ ሳምንት ሳሕኑን ሳይጨርስ ደወል ይደወልበት ነበር። ቤት ውስጥ ቁጥሩን በቃሉ አስጠኑት፣ ካሸሯ ጋ ሲደርስ የሚጫነው እሱን ነው። ነጻ የሚበላውም የሚከፍለውም ያንኑ ቁጥር ስለሚጫኑ ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ልጁን በሌላ ሰልፍ ወይም በተለየ ቲኬት መለየት ክልክል ነው።

እንደ ሙሉ ምሳ የሚቆጠረው ግን ምን ሲያነሳ ነው? ሥጋ ወይም የሥጋ ምትክ፣ ዳቦ ወይም ሌላ እህል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ወተት፤ አምስቱ ይቀርባሉ። ልጆች እንዲመርጡ በሚፈቀድበት ትምህርት ቤት ቢያንስ ሦስቱን፣ ከነሱም ግማሽ ኩባያ አትክልት ወይም ፍራፍሬ ማንሳት አለበት። ወተት ብቻ ካነሳ፣ ወይም ሁለተኛ ኩኪ ከጨመረ፣ ያ ለብቻው ይሸጥለታል፣ ነጻ የሆነ ልጅ እንኳ ይከፍላል። በ«ነጻ» ሒሳብ ላይ ሳንቲም ጎድሎ ደብዳቤ ሲመጣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

የጾም ነገር ከባዱ ነው። ትምህርት ቤቱ በሃይማኖት ምክንያት ምግብ የመቀየር ግዴታ የለበትም፣ ግዴታው ለአካል ጉዳት ወይም እንደ አለርጂ ላለ በሐኪም ለተጻፈ ምክንያት ነው። ቢሆንም ባቄላ፣ የኦቾሎኒ ቅቤና ቶፉ የሥጋ ምትክ ሆነው ይቆጠራሉ፣ ስለዚህ የወሩን ሜኑ ከዲስትሪክቱ ድረ ገጽ አውጥታችሁ ረቡዕና ዓርብን ተመልከቱ። እኛ ቤት ሜኑው ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል፣ የጾም ምግብ የሌለበት ቀን በቀይ ተከቧል፤ በዚያ ቀን ሽሮ ፍትፍት በቴርሞስ ይሄዳል። የአሳማ ሥጋ ጉዳይ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም አንድ ነው፦ ፔፐሮኒና ቤከን ምን እንደሆኑ ለልጁ በሥዕል አሳዩት፣ ለካፍቴሪያ ኃላፊዋም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። ሐላል ሥጋ የሚያቀርብ ዲስትሪክት አለ፣ ብዙው ግን የለውም።

ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። በብዙ ሰፈሮች በተመረጡ ላይብረሪዎችና ትምህርት ቤቶች ውስጥ እስከ 18 ዓመት ያለ ማንኛውም ልጅ በሰመር ዕረፍት ያለ ምዝገባ በነጻ ይበላል። ሌላው ከ2024 ጀምሮ በተቀላቀሉት ስቴቶች በነጻ ወይም በቅናሽ ለጸደቀ ልጅ የሚሰጠው የ120 ዶላር የምግብ ገንዘብ ነው፣ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ጀምረውታል። ለአንዳንዱ ወደ ነባሩ የኢቢቲ ካርድ (የፉድ ስታምፕ ገንዘብ የሚገባበት ካርድ) ይገባል፣ ለሌላው አዲስ ካርድ በተራ ፖስታ ይመጣል። ቤት የቀየራችሁ አዲሱን አድራሻ ጁን ከመግባቱ በፊት ለትምህርት ቤቱ ንገሩ፣ የማታውቁትንም ፖስታ ማስታወቂያ መስሏችሁ ሳትከፍቱት አትጣሉ።