ሁለት ቃል ጽፎ አንድ ውጤት ብቻ ማግኘት፦ የጎግልዋክ አጨዋወት

ጎግል ላይ የፈለጋቹትን ብትጽፉ ሚሊዮን ውጤት ነው የሚዘረግፍላቹ አይደል? ይሄ ጨዋታ የሚፈልገው ግልባጩን ነው። ሁለት ቃል ጽፋቹ ሰርች ታደርጋላቹ፣ አንድ ገጽ ብቻ ከመጣ አሸነፋቹ። ሁለት ከመጣ የለም፣ ዜሮም ከመጣ የለም (ዜሮ ማምጣትማ ማንም ይችላል)። ጎግልዋክ ይባላል፣ በፈረንጆቹ 2002 ጋሪ ስቶክ የሚባል ሰውዬ ነው ስሙን ያወጣለት።

የድሮው ህግ አጭር ነው። ሁለቱም ቃላት ዲክሽነሪ ውስጥ ያሉ መሆን አለባቸው፣ ከራስ የተፈበረከ ነገር አይሰራም። የጥቅስ ምልክት ክልክል ነው። የተገኘው ገጽ ደሞ ዝም ብሎ የቃላት ዝርዝር ከሆነ አይቆጠርም፣ እዛ ውስጥ እኮ ሁሉም ቃል አለ፣ ታዲያ ምኑን አገኘነው።

ዛሬ ግን በዚህ ህግ ልጫወት ካላቹ ትበሳጫላቹ፣ ምክንያቱም ጎግል እንደድሮው የጻፋቹትን ብቻ አይፈልግም፣ ያልጣመውን ቃል ይተወዋል፣ በሌላ ተመሳሳይ ቃል ይተካዋል፣ ፊደል ሳታቹ ብሎ ያርማቹሃል፣ አንዳንዴ ከውጤቱ ስር ቃላቹን በመስመር ሰርዞ ይሄ የለበትም ብሎ በግልጽ ይነግራቹሃል። ስለዚ እኔ ጥቅሱን ፈቅጃለሁ። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው በጥቅስ ውስጥ አስገቡት፣ ሁለቱን አንድ ላይ ግን አይሆንም፣ አንድ ላይ ካደረጋቹት ጎን ለጎን የተጻፉበትን ብቻ ነው የሚፈልገውና ጨዋታው ሌላ ነገር ይሆናል።

ቃል አመራረጡ ላይ ነው ሙያው ያለው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው ሁለት ብርቅ ቃል ይዞ መምጣቱ ነው፣ እሱ ዜሮ ነው የሚያመጣው። አንዱ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ይሁን፣ ሌላው ትንሽ ወጣ ያለ፣ ዋናው ደሞ ሁለቱ በአንድ ወሬ ውስጥ የማይገናኙ መሆናቸው ነው። ለምሳሌ ኩርፊያ እና ትራንዚስተር፣ ወይ ወለምታ እና ሳተላይት። ስለ ወለምታ የሚጽፍ ሰው ሳተላይት ምን ያደርግለታል? ከዛ ውጤቱ በዛ ካለ አንዱን ቃል ብቻ ቀይሩ፣ ሁለቱንም ባንዴ ከቀየራቹ የትኛው እንዳበዛው አታውቁም። ወለምታን ይዛቹ ሳተላይትን በሌላ፣ በሌላ፣ እንደዛ እያላቹ ትጠጋላቹ።

በአማርኛ ስትጫወቱ ተጨማሪ ህግ ያስፈልጋል፣ ያለዛ በጣም ይቀላል። ፀሐይን ጸሀይ፣ ፀሃይ፣ ጸሐይ እያሉ መጻፍ ይቻላል፣ ቤት ደሞ ቤቱ፣ በቤታችን፣ ከነቤታቸው እያለ ማለቂያ የለውም፣ ስለዚ አንዱ ተጫዋች ከነወለምታቸው ብሎ ጽፎ አሸነፍኩ ሊላቹ ይችላል። ይሄ ማጭበርበር ነው። ቃሉ መዝገበ ቃላት ላይ እንዳለው ይጻፍ፣ ፊደሉም እንደዛው፣ የታይፕ ስህተትም አይቆጠርም ብላቹ አስቀድማቹ ተስማሙ (እኛ ሳንስማማ ጀምረን ተጣልተናል)።

ቆጠራው ላይም ተጠንቀቁ። ጎግል ይሄን ያህል ውጤት አለ ብሎ የሚጽፈው ቁጥር ግምት ነው፣ ወደ መጨረሻው ገጽ ስትሄዱ ቁጥሩ ድንገት ሊያንስ ይችላል። እና ደሞ ተመሳሳይ ናቸው ያላቸውን ይደብቃል፣ መጨረሻ ላይ የተደበቁትን ጨምረህ አሳየኝ የምትል ሊንክ ካለች እሷን ሳትነኩ አሸነፍኩ እንዳትሉ። በጣታቹ ቁጠሩት።

ነጥብ የሚያዘው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ሰርች አድርጉ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አባዙ። አንዱ 1,000,000 ሌላው 20,000 ውጤት ካለው ነጥባቹ 20 ቢሊዮን ነው። ቃላቶቹ የታወቁ በሆኑ ቁጥር ነጥቡ ይቆለላል፣ ተገቢም ነው፣ ከባዱ እሱ ነዋ።

ስታሸንፉ ስክሪንሾት አንሱና ዝም በሉ። ጥንዱን የሆነ ቦታ ከጻፋቹት እና ጎግል ያንን ገጽ ካገኘው፣ ውጤቱ ሁለት ሆነ፣ ጎግልዋካቹን በገዛ እጃቹ ገደላቹት። እኔም ከላይ የጻፍኳቸው ጥንዶች ከአሁን ወዲያ እንደዛው ናቸው፣ አትልፉ።

ይሄ ከከበዳቹ ቀለል የሚለው የግምት ጨዋታ አለ። ጎግል መጻፍ ስትጀምሩ ቀሪውን ራሱ ይሞላል አይደል፣ በ2004 ለሙከራ ጀምሮት በ2008 ዋናው ገጽ ላይ ያስገባው ነገር ነው። አንዱ ሰው ግማሽ አረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ስክሪኑን ይደብቃል፣ ሌሎቹ ቀሪውን ይገምታሉ፣ ከላይ የተደረደረውን የመታ ብዙ ነጥብ ያገኛል። ኢንኮግኒቶ (የድሮ ፍለጋቹን የማያይ የብሮውዘር መስኮት) ከፍታቹ ተጫወቱ፣ አለዚያ የስልኩ ባለቤት በፊት የፈለገው ጉድ ሁሉ ሊወጣ ይችላል።

ብቻቹን ከሆናቹ ደሞ በእንግሊዝኛ ሪከርዥን (recursion፣ ዞሮ ወደ ራሱ መመለስ እንደማለት ነው) ብላቹ ጻፉ። ሪከርዥን ለማለት ፈልገው ነው? ይላቹሃል። ክሊክ ስታደርጉት እዛው ናቹ።