ቁልፉ አልዞር ሲል ፒንሳ አታምጡ

የሞተር ሳይክል ቁልፍ ተጣሞ ወይም ለሁለት ተሰብሮ ሲመጣልኝ ባለቤቱ የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዝም ብሎ ተጣመመ»። ቁልፍ ዝም ብሎ አይጣመምም። አልዞር ያለበት ምክንያት ነበረ፤ ባለሞተሩ ምክንያቱን ሳይፈልግ በጉልበት ገፋበት። ጎንደር ውስጥ ቁልፍ ስቀርጽ በየቀኑ የማየው ይህንኑ ስለሆነ ስህተቶቹን በየተራ ልናገር።

ከሁሉም የሚያናድደኝ የተቆለፈ መሪን በጉልበት መታገል ነው። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት። ባለሞተሩ ቁልቁል መንገድ ዳር በጎን መቆሚያው ያቆማል፣ መሪውን ወደ ግራ አጥፎ ይቆልፋል፣ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የሞተሩ ክብደት የፊት ጎማውን ከኮብልስቶኑ ጠርዝ ጋር ያጋፋዋል፤ መሪው ደግሞ ውስጥ ያለችውን የመቆለፊያ ዘንግ ተጭኖ ይይዛታል። ሲመለስ ቁልፉ ንቅንቅ አይልም። በዚህ ጊዜ ቁልፉ ጤነኛ ነው፣ የቁልፉ ቤትም ጤነኛ ነው፤ የተያዘችው ዘንጓ ናት። ቁልፉን በሁለት ጣት ወደ መክፈቻው አቅጣጫ ለስለስ አድርጎ ይዞ፣ በሌላው እጅ መሪውን ትንሽ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ነው። ጫናው የለቀቀ ዕለት ቁልፉ ራሱ ይዞራል። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ግን ሰው መሪውን ከመነካካት ይልቅ ፒንሳ ፍለጋ ጎረቤት መዞር ይቀለዋል። አንዱን ወጣት በክረምት ዝናብ ሥር ቁልፉን በፒንሳ ሲጠመዝዝ ደረስሁበት። «ኧረ ተው ወንድሜ» ብዬ ሳልጨርስ ቀጭ አለ፤ ግማሹ ውስጥ ቀረ፣ ግማሹ ፒንሳው ላይ። የፊት ጎማውን ከድንጋዩ ትንሽ ፈቀቅ ሳደርገው መሪው ሲላላ በዓይኑ አየ። «ጋሼ፣ ይኼው ብቻ ነው?» አለኝ። ይኼው ብቻ ነበር፤ ፒንሳው ከመምጣቱ በፊት። በሁለት ጣት ያልዞረ ቁልፍ በፒንሳ መዞር የለበትም።

ተሰብሮ ውስጥ የቀረን ቁልፍ በሱፐር ግሉ አጣብቆ ለማውጣት መሞከር ሁለተኛው ጥፋት ነው። ማጣበቂያው ቁልፉን ብቻ አይዝም፤ በውስጥ የተደረደሩትን ቀጫጭን ላሜራዎችና ትንንሽ ሞላዎቻቸውንም አንድ ላይ ያደርቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ቤቱን መቀየር ነው። ትክክለኛው መንገድ የቁልፉን ቀዳዳ በቀጭን ካቻቪቴ ቁልፍ ወደሚገባበት ቦታ መልሶ ማስተካከል ነው፤ በሌላ ቦታ ላይ ስባሪው አይወጣም። ቀጥሎ የቀጭን መጋዝ ምላጭ ጥርሶቹን ወደ ውጭ አድርጎ ከስባሪው ጎን አስገብቶ መሳብ። ሌላውን የቁልፍ ግማሽ ከኋላ አስገብቶ መግፋት ስባሪውን ይብሱን ወደ ውስጥ መቅበር ነው።

የተጣመመን ቁልፍ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ የሚቀጠቅጥ አለ። አብዛኛው የሞተር ቁልፍ በኒኬል የተለበጠ ናስ ነው፤ ጫፉ ሲበላ ቢጫው የሚታየውም ለዚህ ነው። ናስ ሲቀጠቀጥ ይሰፋል፤ የሰፋ ቁልፍ ደግሞ ገብቶ አይወጣም። በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መካከል አድርጋችሁ በሞርሳ ቀስ በቀስ አጥብቁት። ከዚያ መስታወት ላይ አስተኙትና ከሥሩ ብርሃን የሚያልፍ መሆኑን ተመልከቱ። ቀጥሎ አንገቱንና ጥልቁን ጥርስ በደንብ እዩ፤ ብረቱ እዚያ ስለሚሳሳ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ካያችሁ ያ ቁልፍ ዳግመኛ ቀዳዳ ውስጥ አይግባ። ስንጥቅ ባይኖረውም የተቃና ቁልፍ አዲስ እስኪቀረጽ ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

በእሳት ማሞቅም አይሆንም። ብረት ግሎ ውሃ ውስጥ ሲነከር ስለሚጠነክር ናስም እንደዚያ የሚሆን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ናስ ሲግል ይለሰልሳል፤ ውሃ ውስጥ ብትነክሩትም አይመለስም፤ በሳምንቱ መልሶ ይጣመማል። ቁልፉ ሞተሩ ላይ እያለ ላይተር የሚለኩስማ አለ፤ የነዳጅ ታንከሩ አጠገቡ እንደሆነ ሰው መንገር ሊኖርብኝ?

አሁን ወደ ዘይት። የደረቀ ቁልፍ ቤት ውስጥ የምግብ ዘይት፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ግራሶ ሲፈስ አይቻለሁ። ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ በበጋ የመንገዱ አቧራ ይገባበትና ጥቁር ጭቃ ይሆናል። የምግብ ዘይት ደግሞ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይይዛል። ሁሉም የሚያውቀው፣ በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚረጭ ፈሳሽ ደብሊውዲ 40 እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሠራ የታሰበው እርጥበትን ለማባረርና ዝገትን ለመከላከል ነበር፤ ቆሻሻውን ለማጠብ ጥሩ ነው፣ ለዘለቄታው ማለስለሻ ግን አይበቃም። እጠቡበት፣ ቁልፉን እያስገባችሁ እያወጣችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ ቁልፉን በመጻፊያ እርሳስ ቀቡት። የእርሳስ ውስጡ ግራፋይት ከሸክላ ጋር ነው፤ ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይሰበስብም። ነገር ግን ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ከማስነሻው ቁልፍ ቤት ሥር ደግሞ የኤሌክትሪክ መገናኛዎች አሉ። ስለዚህ ቁልፉን መቀባት ይበቃል፣ ዱቄቱን ወደ ውስጥ አትነስንሱ።

ላቫጆ ስትገቡ ልጁ የውሃውን ግፊት ቀዳዳው ላይ እንዳያነጣጥር ንገሩት።

የቤት፣ የሱቅና የጓጉንቸር ቁልፍ ሁሉ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር አንድ ቀለበት ላይ አታንጠልጥሉ። በኮብልስቶን መንገድ ላይ ያ ሁሉ ክብደት ሲወዛወዝ ውሎ ላሜራዎቹን ይበላል።

ቁልፍ ለማስቀረጽ ስትመጡ ደግሞ ያለቀውን ይዛችሁ አትምጡ። የመቅረጫው ማሽን የሚያየውን ነው የሚቀርጸው፤ ጥርሱ የተበላ ቁልፍ ብትሰጡት የተበላ ጥርስ ይሰጣችኋል። ከቅጂ ላይ ቅጂ ሲወሰድ ይብሳል። ሞተሩ ሲገዛ የመጣው ሁለተኛ ቁልፍ ሳይነካ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል አይደል? እሱን አምጡ። ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ቆርቆሮ አብሮ ከነበረም አትጣሉት።

በመጨረሻም፣ በማንኛውም ቁልፍ ወይም በካቻቪቴ ጫፍ የሚዞር ቁልፍ ቤት ይዞ አዲስ ቁልፍ ቅረጽልኝ የሚል ሰው ገንዘቡን ይያዝ። ያ ቤት አልቋል፤ ይቀየር። ስትቀይሩም ከታንከሩ ክዳንና ከመቀመጫው ቁልፍ ጋር ሙሉውን ግዙ፤ አለዚያ ነዳጅ በምትቀዱ ቁጥር ሌላ ቁልፍ ስትፈልጉ ትኖራላችሁ። ጥምቀት ሳይደርስ ብታደርጉት ይሻላል፤ በዚያ ሰሞን በባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ ሞተሩን ሕዝብ መሐል አቁሞ የሚሄደው ብዙ ነው።