አዲሱ ሞተሪኖ ገባ፣ መኪናዋ ግን አልነሳ አለች

አሮጌ መኪና አድሳችሁ አዲስ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ ሞተር) ስትገጥሙ፣ ባትሪው ሙሉ መሆኑን፣ ቁልፉ መሥራቱን፣ የገመዶቹ ጫፍ መጥበቁን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ካላያችሁ እሱን አይታችሁ ተመለሱ። አሮጌውን ሞተሪኖ ስትፈቱ የባትሪውን የማሳ ገመድ (ከመኪናው ብረት ጋር የታሰረውን፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን) መጀመሪያ ንቀሉ። መፍቻ ከባትሪ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ወፍራሙን ገመድና ሻንሲውን (የመኪናውን ብረት) አንድ ላይ ሲነካ ያየ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም።

ቁልፉ ሲዞር "ቀጭ" ብቻ ይላል፣ ወይም ሞተሩ እየደከመ ይዞራል

የሚመጣብኝ ሁሌ ይኸው ነው። ሰውየው "ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ" ብሎ ሞተሪኖውን ይመልሳል። ሌላ ይሰጡታል። እሱም ቀጭ ይላል። ሞተሪኖው ምንም አልሆነም፣ ችግሩ ማሳ ነው።

ኤሌክትሪኩ በወፍራሙ ገመድ ይገባል። የሚመለሰው ግን በሞተሪኖው አካል፣ በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) ብረት፣ ከዚያ ሞተሩን ከሻንሲው በሚያገናኘው ገመድ አድርጎ ነው። አሮጌ መኪና ሲታደስ ደግሞ የተገኘው ሁሉ ቀለም ይቀባል፣ ሞተሪኖው የሚቀመጥበት ፊት ሳይቀር። አዲሱ ሞተሪኖም መቀመጫው ድረስ ጥቁር ቀለም ተረጭቶበት ይመጣል። የረጨው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አንዱ ሦስተኛ ሞተሪኖውን ይዞ መጣ። መኪናዋ እንደ ሙሽራ ታበራለች። ቁልፉን ሲያዞር ከኮፈኑ ስር ጭስ ወጣ። የጨሰው ሞተሪኖው እንዳይመስላችሁ፣ የነዳጅ ፔዳሉ ካቦ ነው። ሲታደስ የሞተሩ ማሳ ገመድ ሳይመለስ ሳጥን ውስጥ ቀርቶ ነበርና ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ መመለሻ ሲያጣ በዚያች ቀጭን ካቦ ሄደ። ሁለቱ የመጀመሪያ ሞተሪኖዎች በከንቱ ነው የተመለሱት።

ሌላው "በቴስተር ለክቼዋለሁ፣ ጲጵ ብሏል" ብሎ ተከራከረኝ። ጲጵ ለማለት አንድ ክር ሽቦ ይበቃዋል። ሞተሪኖ ግን ከ100 አምፔር በላይ ነው የሚስበው። መለካት ያለበት እየዞረ ነው። ሞተሩ እንዳይነሳ የኮይሉን (የካንዴላውን ብልጭታ የሚያመነጨውን) ሽቦ ንቀሉ፣ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጉ፣ አንዱን ጫፍ የባትሪው የማሳ ራስ ላይ (ራሱ ላይ፣ ማሰሪያው ላይ አይደለም)፣ ሌላውን የሞተሪኖው ባዶ ብረት ላይ ያዙ፣ ሰው ቁልፉን ያዙር። 0.2 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሰላም ነው። ወደ 0.5 ከተጠጋ ማሳው አያሳልፍም። ወፍራሙንም ገመድ በዚሁ ዘዴ ለኩት።

መፍትሄው፦ የሞተሪኖውን ፊት፣ የሚቀመጥበትንና የብሎኖቹን ስር ነጭ ብረት እስኪታይ ፋቁ። ከካምቢዮው ብሎን ወደ ሻንሲው ውፍረቱ የባትሪውን ገመድ የሚያክል አዲስ ማሳ እሰሩ። ሻንሲው ጋ ያለውንም ቀለም ፋቁ እንጂ! ካጠበቃችሁ በኋላ ከላይ ግሪስ ቀቡት።

ያፏጫል ወይም ጥርስ ይፈጫል

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት እየዞረ ካፏጨ ፒኞኑ (የሞተሪኖው ትንሹ ባለ ጥርስ) ከቮላኖው (ሞተሩ ላይ ካለው ትልቁ ባለ ጥርስ) ርቋል። ከተነሳ በኋላ ቁልፉ ሲለቀቅ ካፏጨ በጣም ተጠግቷል። በስስ ማስገቢያ ብረት ይስተካከላል። ስሞል ብሎክ ሼቭሮሌት (V8 ሞተር) ላይ ቮላኖው 153 ወይም 168 ጥርስ ስለሆነ ሳትቆጥሩ አትግዙ። ብሎኖቹም አንገታቸው ላይ ጥርስ ያላቸው ልዩ ብሎኖች ናቸው፣ ተራ ብሎን ሞተሪኖውን ያንሸራትተዋል። ቮልስ ቢትል ላይ የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ ነው።

ሞተሪኖው ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ንቅንቅ አይልም

የድሮ እንግሊዝ መኪና ከሆነ ማሳው ፖዘቲቭ መሆኑን እዩ። አሮጌው ሞተሪኖ በጥቅል ሽቦ ስለሚሠራ ማሳው ቢገለበጥም አቅጣጫው አይቀየርም። አዲሱ ባለ ማግኔት ከሆነ ግን በተቃራኒው ይዞራል። ወይ መኪናውን ወደ ኔጌቲቭ ማሳ ቀይሩ፣ ወይ ባለ ማግኔቱን ተዉት።

ቁልፉ ተለቆም ሞተሪኖው አይለቅም

ይኼ የሚመጣው ሶሌኖይዱ (ቁልፉ ሲዞር ለሞተሪኖው ኤሌክትሪክ የሚከፍተው) ለብቻው ኮፈን ስር ባለባቸው መኪኖች ነው፣ ፎርድ ላይ በተለይ። በአጭር ሽቦ ሞተሪኖው ላይ ገመድ የሚታሰርባቸውን ሁለቱን ብሎን አገናኝታችኋል ማለት ነው። ባለ ማግኔቱ እየዞረ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጭና ራሱን ይይዛል። ያንን ሽቦ አውጡት። ወፍራሙን ገመድ ከባትሪ ቀጥታ፣ ቀጭኑን ደግሞ ከአሮጌው ሶሌኖይድ መውጫ አምጡ።

በደንብ ይዞራል፣ የሚነሳው ቁልፉ ሲለቀቅ ነው

አሮጌው ሶሌኖይድ ላይ ለኮይሉ ሙሉ 12 ቮልት የሚሰጥ ትንሽ ሽቦ ነበረች፣ አዲሱ ሞተሪኖ ግን ለእሷ መውጫ የለውም። በሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ወይም በዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) መልሷት። ከቁልፉ ሽቦ ጋር ዝም ብላችሁ አትጠምዟት፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ይመለሳል።

እና መዶሻውን አርቁ። አሮጌው ሲይዘው መታ መታ ይደረግ ነበር፣ ይሠራም ነበር። አንድ ደንበኛዬ አዲሱንም እንደዚያው መታው። ስንከፍተው ማግኔቱ እንደ ሸክላ ተሰባብሮ ፒኞኑ ጋ ተሰግስጎ አገኘነው።