ኮንዶሚኒየም ሲያከራዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ ያለችኝን ኮንዶሚኒየም ማከራየት ስጀምር፣ ሥራው ቁልፍ ሰጥቶ በየወሩ ብር መቀበል ብቻ ይመስለኝ ነበር። የምኖረው አስኮ ነው፤ የከተማው ሌላ ጫፍ። ርቀቱ ራሱ ሰውን ያዘናጋል።

«ትንሽ ናት» ብሎ ጥገና ማቆየት

ብዙ ያስወጣኝ ይሄ ነው። ተከራዬ «ጋሼ፣ ሻወር ቤቱ ጥግ ላይ ውሃ ያረጥባል» ብላ ደወለችልኝ። «እሺ፣ እሁድ መጥቼ አያለሁ» አልኳት። እሁዱ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። በወሩ የደወለልኝ ከታች ያለው ጎረቤት ነበር። ስሄድ መኝታ ቤቱ ጣሪያ ላይ ምጣድ የሚያህል ቢጫ ክብ ወጥቷል። ዳር ዳሩ ሻግቷል፤ ልስኑ በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት ይረግፋል። ከሥሩ የነበረውን የሕፃን አልጋ ወደ ሳሎን አውጥተውታል። አልጋውን ሳይ በጣም አፈርኩ።

በጊዜው ቧንቧ ሠራተኛ ብልክ አንድ መገጣጠሚያ ቀይሮ ይጨርስ ነበር። ስላቆየሁት ግን የራሴን ሴራሚክ አስነሳሁ፣ የጎረቤቴን ጣሪያ አስለስኜ ቀለም አስቀባሁ። አሁን እዚያው ሰፈር የሚሠሩ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችን ስልክ ለተከራዬ ሰጥቻለሁ። እሷ ትጠራለች፣ እኔ በቴሌብር እከፍላለሁ።

በቃል መስማማት

«የሚያውቁት ሰው ነው ያገናኘን፣ ውል ምን ያደርጋል?» ይባላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ነው። ብዙ አከራይ ይሄን እንደ ሸክም ያየዋል። እኔ ግን «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» ከሚለው ንትርክ የገላገለኝ የባንክ ስቴትመንት ነው።

የስድስት ወር ቅድሚያ መጠየቅ

አዋጁ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ አይፈቅድም። ባይከለክል እንኳ አልመክርም። ተበድሮ የገባ ተከራይ ቅድሚያው ሲያልቅ ከዕዳው ጋር እየታገለ ነው የሚከፍልዎት።

ሳይመዘግቡ ማስረከብ

ቁልፍ ከመስጠትዎ በፊት ከተከራዩ ጋር ክፍል በክፍል ዞረው ፎቶ ያንሱ። የሲንኩን ጭረት፣ የበሩን እጀታ፣ የተሰነጠቀውን መስታወት ሳይቀር። የውሃ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ቆጣሪው በእርስዎ ስም ስለሆነ ተከራዩ ቢወጣም ያልተከፈለው ሂሳብ የሚጠየቀው ከእርስዎ ነው። መብራቱ የካርድ ከሆነ ካርዱንም ተረካክበው ይጻፉት።

ሳይደውሉ መሄድ

ቤቱ የእርስዎ ቢሆንም ኑሮው የሰው ነው። ትርፍ ቁልፍ አለኝ ብለው ከፍተው አይግቡ።

ኪራዩን ሁሉ ትርፍ አድርጎ መቁጠር

የባንክ ዕዳው አለ፣ የማኅበር መዋጮ አለ፣ ሐምሌ ሲመጣ የኪራይ ገቢ ግብር አለ። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ ቤቱ ባዶ የሚቀርበት ጊዜም አለ። እኔ ከየወሩ ኪራይ አሥር በመቶውን ለብቻው በተከፈተ ሂሳብ አስቀምጣለሁ። ባለፈው ክረምት ሮቶው ሲሰነጠቅ የአዲሱ ዋጋ የተከፈለው ከዚያ ነው፤ ተከራዬም ውሃ ያጣችው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር።