የክትባት ካርዱ ላይ የሌሉት ሁለት ቀጠሮዎች፦ የልጅን ዕድገት በቤት እንዴት እንከታተል

አዲስ አበባ ላይ ልጅ ያለው ሰው የክትባት ካርድ አያጣም። የ45 ቀን፣ የ2 ወር ተኩል፣ የ3 ወር ተኩል፣ የ9 ወር፣ በመጨረሻ የ15 ወር ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት። ከዚያ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ልጁ ካልታመመ በቀር ጤና ጣቢያ የሚወስደው የለም።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ንግግር፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ የማስመሰል ጨዋታ የሚባሉት ነገሮች ጎልተው የሚወጡት ልክ ካርዱ ሲያልቅ፣ ከ15 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በመሃል ባለሙያ ስለማያየው ብዙ ጊዜ "ይሄ ልጅ ግን ለምን አይናገርም?" ብላ የምትጠይቀው የመጀመሪያዋ ሰው የነርሰሪ መምህሯ ትሆናለች። ስለዚህ እስክሪብቶ አንሡና ካርዱ ላይ ሁለት ቀጠሮ ጨምሩ፦ 18 ወር እና 2 ዓመት። ያሉትን ቀጠሮዎችም መርፌ አስወግቶ መመለሻ ብቻ አታድርጓቸው።

በ45 ቀኑ አካባቢ ልጁ ፊታችሁን አይቶ መሳቅ ይጀምራል። እንቅልፍ ላይ ሆኖ የሚያሳየውን ፈገግታ አትቁጠሩት፤ ስታወሩት መልሶ የሚስቀውን ነው። 3 ወር ሞልቶት ለማንም የማይስቅ ከሆነ፣ ወይም ዓይኑ የሚንቀሳቀስ ነገር የማይከተል ከሆነ ለነርሷ ንገሯት። በ4 ወር ቀና አድርጋችሁ ስትይዙት አንገቱ መጽናት አለበት። በ9 ወር ያለ ድጋፍ ይቀመጣል፣ ስሙን ስትጠሩት ዞር ይላል፣ "ባባባ" "ዳዳዳ" እያለ ያወራል። የማያውቀው ሰው ሲያቅፈው ማልቀሱም በዚህ ዕድሜ ደግ ምልክት ነው፣ ከክፍለ ሀገር የመጣችው አክስት ቅር ቢላትም።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ግን ትንሽ ተረጋጉ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ ላይ፣ ብቻውን መራመድ ከ8 ወር ጀምሮ እስከ 17 ወር ተኩል ድረስ ሊመጣ ይችላል። ክፍተቱ ይህን ያህል ሰፊ ነው። ከመቶ አራት ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ተነሥተው ይሄዳሉ። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ሮጠ ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ። 18 ወር ሞልቶት የማይራመድ ልጅ ግን መታየት አለበት፤ እዚህ ላይ "ሰነፍ ነው" የሚባል ምርመራ የለም።

አሁን ወደ ጣት እንምጣ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ተከታተሉ ብባል ጣት መቀሰርን እመርጣለሁ። ከአንድ ዓመት በኋላ ልጆች በሁለት ምክንያት ይቀስራሉ። አንደኛው ለመጠየቅ ነው፤ ብስኩቱን አምጪልኝ እንደማለት። ሁለተኛው ለማሳየት ነው፤ አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲያልፍ ይቀስርና ዞር ብሎ እናንተን ያያል፣ "አያችሁት?" እንደሚል ሰው። ይህ ሁለተኛው ትልቅ ነገር ነው። ልጁ የእናንተን ሐሳብ ፈልጎ፣ ያየውን ሊያካፍላችሁ እየሞከረ ነው ማለት ነው። 18 ወር ሆኖት ምንም የማይቀስር፣ የሚፈልገውን ሲያምረው እጃችሁን ይዞ እንደ ዕቃ ወደ ፍሪጁ የሚጎትት፣ ፊታችሁን ግን የማያይ ልጅ ካለ፣ ቃላት ቢኖሩትም እንኳ አስመርምሩት።

የ18 ወሩንና የ2 ዓመቱን ቀጠሮ ቤት ውስጥ እንዲህ አድርጉት። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ስልኩን ደብቁ፣ ልጁ ጠግቦና ተኝቶ የተነሣበትን ሰዓት ምረጡ። ሲጫወት ከጀርባው ሆናችሁ በመደበኛ ድምፅ ስሙን ጥሩት፤ ዞረ? የምታወሩትን ያለ እጅ ምልክት ይረዳል ወይ? "ጫማህን አምጣ" በሉት፣ ጫማውን ግን አትዩት፣ ምክንያቱም ልጆች ዓይናችሁን ተከትለው ያመጣሉ፣ እናንተም ገብቶታል ትላላችሁ። ሲኒና ማንኪያ ስጡት፤ ቡና እንደሚጠጣ ሰው ያስመስላል ወይስ እያሽከረከረ ብቻ ያየዋል? በስልካችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቅረጹት። ይህ ቪዲዮ በኋላ ወርቅ ነው፤ ልጅ ነጭ ጋውን ሲያይ ይዘጋል፣ ሐኪሙ ደግሞ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ቀን አብራው የምትውለውን ሞግዚት ወይም አያትንም ጠይቁ፣ ከእናንተ የበለጠ ያያሉ።

2 ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃል ማገናኘት አለበት፦ "አባ መጣ"፣ "ውሃ ስጪኝ"። ከራሱ የወጣ መሆኑን ለዩ። ኤቢሲንና ቀለማትን በእንግሊዝኛ ከዩቲዩብ ሸምድዶ የሚያነበንብ፣ ውሃ ሲጠማው ግን የሚያለቅስ ልጅ አጋጥሟችሁ ይሆናል። ዘመድ "ጎበዝ!" ብሎ ያጨበጭባል። መዝፈን መናገር አይደለም፤ ቃሉን ለሚፈልገው ነገር ሲጠቀምበት ነው የሚቆጠረው። ቤታችሁ ሁለት ቋንቋ የሚነገር ከሆነ፣ እናት አማርኛ አያት ጉራግኛ ወይም ኦሮምኛ፣ የሁለቱን ቃላት ደምሩ። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም፤ አያቷን ዝም አታሰኟቸው።

ቀጠሮ ሳትጠብቁ የምትሄዱባቸው ነገሮች አሉ። ያወቀውን የረሳ ልጅ ከሁሉም ይቀድማል፦ ሲናገር የነበረ ዝም ካለ፣ ቻው ሲል የነበረ ካቆመ፣ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን በዚያው ሳምንት ውሰዱት። ሰውነቱ እንደ ጨርቅ የላላ ወይም እንደ እንጨት የደረቀ፣ ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጁን ብቻ የሚጠቀም (ግራኝ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ገና ነው)፣ ለድምፅ የማይደነግጥ፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ እነዚህም አይጠብቁም።

ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ካላችሁ ሒሳቡን አስተካክሉ። በ32 ሳምንት የተወለደ 8 ሳምንት ቀድሟል፤ 10 ወር ሲሞላው ዕድገቱን የምትመዝኑት እንደ 8 ወር ልጅ ነው። ይህን እስከ 2 ዓመት ቀጥሉበት። ክትባቱ ግን በተወለደበት ቀን ነው የሚቆጠረው።

"አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው።" "ወንድ ልጅ ነው፣ ይዘገያል።" እነዚህን ትሰማላችሁ፣ አንዳንዴም እውነት ይሆናሉ። ግን ሳይጣራ ከሚያልፍ አንድ ዓመት ይልቅ ምንም የለም ተብሎ መመለስ ይሻላል። ጠበሉንም ውሰዱት፣ ዱዓውንም አስደርጉ፣ የጆሮ ምርመራውን ግን አታስቀሩ። ንግግር የዘገየበት ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ጆሮው ነው የሚታየው። በር ሲንኳኳ ዞረ ማለት ሁሉን ይሰማል ማለት አይደለም፤ ወፍራም ድምፅ እየሰማ ቀጫጭኖቹን የንግግር ድምፆች የማይሰማ ልጅ አለ።

መራመድ ሲዘገይ ደግሞ ሪኬትስን አስቡ። ብርድና የሰው ዓይን ተፈርቶ ልጁ ተሸፋፍኖ ቤት ይከርማል፣ ኮንዶሚኒየሙ ፀሐይ አያስገባም፣ ቫይታሚን ዲ ያንሳል፣ አጥንት ይለሰልሳል። እርግብግቢቱ ካልገጠመ፣ የእጅ አንጓው ከሰፋ፣ እግሩ ከቆለመመ ጠይቁ፤ ይህ በመድኃኒት የሚስተካከል ነው። በመስኮት መስታወት ያለፈ ፀሐይ ለዚህ አይሠራም። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ከባድ የሕፃን ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር ሁሉም ዕድገትን ሊያዘገዩ ይችላሉ። ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት) ከሆነ ደግሞ እናት ስለሠራች ወይም ክትባት ስለተሰጠ የመጣ አይደለም፤ ይህን ለባልም ለአማትም ንገሩልኝ።

የት ነው የሚኬደው? መጀመሪያ የወረዳችሁ ጤና ጣቢያ። ካርዱን፣ የወሊድ ወረቀቱን፣ ቪዲዮውን ያዙ። "ትንሽ ዘገየብኝ" አትበሉ፤ "20 ወር ሆኖታል፣ ቃል የለውም፣ ስሙን ስጠራው አይዞርም፣ አይቀስርም" በሉ። በጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ ሪፈር ወረቀቷን ሳትይዙ ሆስፒታል አትሂዱ። መሃል ከተማ ላይ ዘውዲቱና የካቲት 12 አሉ፣ ከበድ ያለው ወደ ጥቁር አንበሳ ይላካል። የሕፃናት ሐኪም፣ ለጆሮ የአንገት በላይ ሐኪም፣ ለእንቅስቃሴ ፊዚዮቴራፒ ጠይቁ። ኦቲዝም ከተጠረጠረ ኤም-ቻት የሚባል የ20 ጥያቄ መጠይቅ አለ፣ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ነው፤ ይሞላልኝ ማለት ትችላላችሁ። ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው የኒያ ፋውንዴሽን ጆይ ማዕከልና በኋላ የተከፈተው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል የሚታወቁት በዚህ ሥራ ነው።

ሐኪሙ "ተመልሳችሁ ኑ" ካለ "እስከዚያ ልጁ ምን ማድረግ መጀመር አለበት?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ግልጽ ካልሆነላችሁ ሌላ ሐኪም ማየት ነውር አይደለም።

ቀጠሮው ቢርቅ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ስክሪኑን ዝጉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ጭራሽ፣ ከዚያ በላይ እስከ 4 ዓመት በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ ነው የሚለው። ዎከር ካላችሁ አውጡት፤ መራመድ አያስተምርም፣ ደረጃ ላይ ይዞ ይወድቃል፣ ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን አግዳለች። ማዘሉ ጥሩ ነው፣ ግን ምንጣፍ ላይ የሚንከባለልበት ሰዓትም ይኑረው። ሽንኩርት ስትልጡ የምታደርጉትን ንገሩት፣ ካልሲውን ስታለብሱት እግሩን ጥሩለት። የሚፈልገውን ነገር ወዲያው አትስጡት፣ ከፊቱ ይዛችሁ ቆም በሉና ፊታችሁን እስኪያይ ጠብቁት፣ ሲያይ የነገሩን ስም ንገሩትና ስጡት። ሞግዚቷም እንዲሁ እንድታደርግ አሳዩዋት።