ሌንሱ ምን አጠፋ? የቀረጻ ቦታ ችግርና መፍትሄ

ቆዬ ፈጬ ከገባሁ ወዲህ ቤቴ የጓደኞቼ ስቱዲዮ ሆኗል። ኪራይ አይጠየቅበትም፣ ጎረቤቱም ለምዶታል። እናም አጭር ፊልም ልሥራ ያለ ሁሉ ካሜራውን ተሸክሞ ይመጣል። ይመጣና የሆነ ነገር ሲበላሽበት "ሌንሱ ነው!" ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሌንሱ ምንም አላጠፋም። ካሜራውም ቦታውም ሳይታዩ ተመርጦ ነው የመጣው። ደጋግመው የገጠሙኝን ችግሮች ከነመንስኤያቸው ልጻፍላችሁ። ሌንስ ልትከራዩ ወይም ልትገዙ ስትሉ ከዚህ ተነሱ።

"ቤቱ አልገባ አለኝ"

ሁለት ተዋናዮች ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ካሜራማኑ ጀርባው ግድግዳ ነክቷል። አሁንም የአንደኛዋ ትከሻ ተቆርጧል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቀረጸ ሁሉ ያውቀዋል።

መንስኤው የሴንሰር፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ፣ ስፋት ነው። "24 ሰፊ ሌንስ ነው" የሚባለው በየትኛው ካሜራ ላይ ሆኖ ነው? ሂሳቡ ቀላል ነው። ከካሜራው እስከ ሰውየው ያለውን ርቀት በሴንሰሩ ስፋት አባዙ፣ ሌንሱ ላይ በተጻፈው ሚሊ ሜትር አካፍሉ። የሚወጣው የሚታያችሁ ስፋት ነው። 3 ሜትር ርቀት አለ እንበል፣ ሌንሱ 24 ሚሊ ሜትር ነው። ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ፣ ማለትም ሴንሰሩ 36 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ፣ ሶኒ ኤፍኤክስ3ን በመሰለ፣ 4.5 ሜትር ያህል ይታያችኋል። ብላክማጂክ ፖኬት 6ኬ ሴንሰሩ 23.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 2.9 ሜትር ገደማ ያሳያል። ፖኬት 4ኬ ደግሞ 18.96 ስለሆነ 2.4 ሜትር እንኳን አይሞላም። አንድ ሌንስ፣ አንድ ሳሎን፣ ግን ሦስት የተለያየ ፍሬም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳሎኑን በሜትር ለኩ፣ ከዚያ ወደ ኪራይ ቤት ደውሉ። ለፖኬት 4ኬ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያስፈልጋችኋል። ግን በ12 ሌንስ ፊት ላይ ጠጋ ብላችሁ እንዳትቀርጹ፣ አፍንጫ ቀድሞ ይመጣል። እኔ ቤት አንድ ጊዜ 12 ሌንስ ስላልነበረን የመኝታ ቤቱን በር ነቅለን ካሜራውን ወደ ውስጥ ከተትነው። 1 ሜትር ተኩል አተረፍን። ያው 24 ሌንስ 3.5 ሜትር አሳየን። በሩ እስከ ዛሬ በደንብ አይዘጋም።

ተቃራኒውም አለ። የምስሉ አራቱም ጥግ ከጠቆረ፣ ለሱፐር 35፣ ማለትም ከፉል ፍሬም ለሚያንስ ሴንሰር፣ የተሠራ ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ ገጥማችኋል ማለት ነው። ካሜራው የሱፐር 35 አማራጭ ካለው እሱን ማብራት ነው።

"ቅርቡ ጥርት ይላል፣ ሩቁ ብዥ ይላል"

ይሄኛው ብዙ ቀረጻ አበላሽቶብኛል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነን። ከፊት ፈረስ የያዘ ልጅ፣ ከኋላ ተራራ። በፒኤል ማውንት (ማውንት ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጥምበት አፍ ነው) የተሠራ የሲኒማ ሌንስ ስብስብ ተከራይተን በአዳፕተር፣ ማለትም በማገናኛ ቀለበት፣ ሶኒ ላይ ገጥመናል። በ85ቱ ስንቀርጽ ማንም ምንም አላለም። 18ቱን ስንገጥም ተራራው ጭቃ ሆነ። ፎከሱን እስከ መጨረሻው አዞርነው። እምቢ አለ።

እያንዳንዱ ማውንት ከሴንሰሩ የሚርቅበት ልክ አለው። ፒኤል 52 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሶኒ ኢ 18። አዳፕተሩ ልዩነቱን፣ 34 ሚሊ ሜትርን፣ በትክክል መሙላት አለበት። በትክክል ስል ደግሞ በፀጉር ልክ ነው። አዳፕተሩ በ0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ከወፈረ፣ 18 ሌንስ መጨረሻው ድረስ ዞሮም ጥርት የሚልለት 6.5 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ነገር ነው። 85ቱ ግን በዚያው ስህተት ከ140 ሜትር በላይ ይሄዳል። ለዚህ ነው ጠባቡ ሌንስ ደህና መስሎ ሰፊው የሚያጋልጠው። እኛም "18ቱ ተበላሽቷል" ብለን መልሰን፣ ሌላ 18 አምጥተን፣ ያው ሆነ። ቀኑ ሄደ።

አዳፕተሩ ከቀጠነ ደግሞ ምልክቱ ይለያል። ሌንሱ ሩቁን አልፎ ይሄዳል፣ በቀለበቱ ላይ የተጻፈው ሜትርም ይዋሻል። 3 ሜትር ላይ አድርጋችሁት ሰውየው ብዥ ይላል።

መፍትሄው አንድ ቀን ቀድሞ መሞከር ነው። ካሜራችሁን ይዛችሁ ኪራይ ቤቱ ሂዱ። ከሁሉም ሰፊውን ሌንስ ግጠሙ፣ አይሪሱን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ፣ ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ ከበር ውጡና ሩቅ ያለ ምሰሶ ወይም አንቴና ላይ ፎከስ አድርጉ። ካልመጣ አዳፕተር ቀይሩ። የራሳችሁ አዳፕተር ከሆነና ከቀጠነ፣ ባለሙያ ስስ የብረት ዝርግ ቀለበት አስገብቶ ያስተካክለዋል። የወፈረው ግን መሞረድ አለበት፣ ያንን እቤት አትሞክሩት። ቀረጻ ላይ ከገጠማችሁና አማራጭ ከሌለ አይሪሱን ወደ 8 ዝጉት። ጥፋቱን ብዙ ይሸፍናል።

ልትገዙ ካሰባችሁም ከዚህ ተማሩ። የካኖን ኢኤፍ ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ነው። ኢኤፍ ሌንስ ሶኒ ኢም ላይ፣ የካኖን አርኤፍ ላይም (20)፣ ፖኬት 4ኬ ላይም (19.25) በአዳፕተር ይገባል። ፒኤል ካሜራ ላይ ግን አይሆንም፣ 8 ሚሊ ሜትር ወደ ካሜራው ውስጥ መስረግ ይኖርበት ነበር። ማውንቱ የሚቀየር ሌንስ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ውሰዱ። ካሜራ ትቀይራላችሁ፣ ሌንስ ይቆያል።

"ጥቁሩ ቡኒ ሆነ"

የለቅሶ ትዕይንት ነው፣ እኩለ ቀን፣ ግቢ ውስጥ። ሁሉም ጥቁር ለብሷል። ሞኒተሩ ላይ የአንደኛዋ ቀሚስ ጥቁር፣ የሌላዋ የቡና ቀለም። ዳይሬክተሩ አልባሳት ኃላፊዋ ላይ ጮኸ። ልጅቷ ምን ታድርግ!

እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐይ አትቀልድም። አይኤስኦ 800፣ ሻተር 1/50፣ አይሪስ 2.8 ላይ ለመቀረጽ 9 ስቶፕ የሚቀንስ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ኤንዲ የሚባል ጥቁር ፊልተር፣ ማለትም 2.7 የተጻፈበት፣ ያስፈልጋል። ተራ ኤንዲ የሚታየውን ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ አይቀንስም። እሱ ሾልኮ ሴንሰሩ ላይ ይደርሳል። አንዳንድ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ደግሞ ኢንፍራሬድን ስለሚያንጸባርቅ ጥቁሩ ቡኒ ይሆናል። ኢንፍራሬድንም የሚቆርጥ ኤንዲ ተከራዩ። በኤዲቲንግ እናስተካክለዋለን የሚላችሁን አትመኑ፣ ጨርቁን ስታስተካክሉ ፊቱ ይበላሻል።

ይሄ ከሌንስ ምርጫ ጋር ምን አገናኘው? የፊታቸው ስፋት እኩል የሆነ ሌንሶች፣ ለምሳሌ ሁሉም 95 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ አንድ ፊልተር ይበቃቸዋል። የፎቶ ሌንሶች ግን አንዱ 67፣ አንዱ 77፣ አንዱ 82 ነው። ለትልቁ አንድ ፊልተር ግዙና ለቀሩት ማስፊያ ቀለበት አድርጉ። የሚዞረው ኤንዲ ሰፊ ሌንስ ላይ ጥቁር የኤክስ ምልክት ካወጣባችሁ ብዙ አዙራችሁታል፣ መልሱት።

"ፎከስ ያዥው አልቻለም"

ልጁን አትስደቡት። በብዙ የፎቶ ሌንሶች ላይ ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለው ዙር ሩብ ክብ ገደማ ነው። ትንሽ ጣት ሲነቃነቅ ሁለት ሜትር ይዘላል። አንዳንዶቹ ቀለበታቸው ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ቀስ ብለህ ስታዞርና ፈጥነህ ስታዞር የተለያየ ቦታ ይደርሳሉ፣ ምልክት ማድረግ አይቻልም። የሲኒማ ሌንስ ብዙ ጊዜ ወደ 300 ዲግሪ ይዞራል። ብር ካጠረ እንደ ሳምያንግ ያሉት፣ ጥርስ ያለው ቀለበትና ቀጭ ቀጭ ሳይል የሚዞር አይሪስ ያላቸው፣ ለጀማሪ ይበቃሉ። 24፣ 35፣ 50ና 85 ሁሉም ቲ 1.5 ናቸው።

ቲ ካልኩ አይቀር፣ ሌንስ ስትቀይሩ ብርሃኑ ትንሽ ከፍ ዝቅ ካለ ኤፍ የተጻፈበትን ሌንስ እየተጠቀማችሁ ነው። ኤፍ በስሌት የሚገኝ ቁጥር ነው። ቲ ግን በሌንሱ ውስጥ ያለፈው ብርሃን ተለክቶ የተጻፈ ነው። ፎከስ ሲቀየር ፍሬሙ የሚተነፍስ ከመሰላችሁም የሌንሱ ባህሪ ነው። የሚድን ነገር አይደለም፣ ለዚያ ሾት ሌላ ሌንስ ያዙ።

"ጭጋግ አለበት"

ያገለገለ ሌንስ ከሆነ በስልክ ባትሪ ከኋላ አብሩበት። የሸረሪት ድር የመሰለ ካያችሁ ሻጋታ ነው። ከአባቶቻችን ዘኒት ላይ የወጡ 58 ሚሊ ሜትር ሄልዮሶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። እኔ እወዳቸዋለሁ፣ ጀርባውን እንደ አዙሪት ያሽከረክሩታል። ግን ሻጋታ ያለበትን በርካሽም አልገዛም።

ድር ከሌለውና ጭጋጉ የመጣው ከሱሉልታ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ከሆነ ጤዛ ነው። አትጥረጉት፣ ሌንሱንም አትንቀሉ፣ ሴንሰሩ ላይም ይገባል። ደጅ እያላችሁ ቦርሳው ውስጥ ከታችሁ ዝጉትና ይዛችሁት ግቡ። ባለቤቶቹ መቼም ቡና ማፍላታቸው አይቀርም። ቶናው እስኪወርድ ቦርሳው አይከፈት።