የቮልስ ወለል ላሜራ ስትገዙ የሻንሲ ቁጥሩን እዩ
አሮጌው ወለል ባትሪው ከሚቀመጥበት፣ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል፣ በዝገት ተበልቶ መሬት ያሳይ ነበር። «ለሁሉም ቮልስ ይሆናል» የተባለ ላሜራ መጣ። ሻንሲው ላይ ልክክ አለ፤ የፊት ወንበሩ ግን ላሜራው ላይ ባለው መንሸራተቻ ሐዲድ አልገባም አለ።

በሊብሬው ዓመት ሌላ ተፈለገ፤ ያው ሆነ። የካርማን ጊያ (ሌላዋ የቮልስ ኩባንያ መኪና) ወለልም ታየ፤ እሱ ጭራሽ ሰፊ ነው። ሐዲዱን ቆርጦ መበየድን ለማንም አልመክርም፤ ወንበር ነፍስ የሚይዝ ነገር ነው።

የሠራው ይኸው፦ የኋላ ወንበሩን አንሱ። መሃል ለመሃል በሚያልፈው የሻንሲ ጀርባ ላይ የተመታ ቁጥር አለ። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት። ከ1965 ሞዴል ወዲህ (ሁሉም በፈረንጆቹ ነው) ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ይነግራችኋል። የኛ 113 ብሎ ይጀምራል፤ 1973 ማለት ነው። የሞዴል ዓመት የሚጀምረው ካለፈው ኦገስት ስለሆነ በ1972 መጨረሻ የተሠራውም 73 ነው። ሊብሬ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

የወንበር ሐዲዱ የተቀየረው በዚሁ በ1973 ሞዴል ነው። የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደን «ከ73 ወዲህ፣ የቀኝ ግማሽ» ብለን ጠየቅን። ከመበየዱ በፊት ወንበሩን አስገብተን ሞከርነው፤ ያለ መዶሻ ተንሸራቶ ገባ።